ማግኔት ለማቀዝቀዝ ሦስት ቀን ለምን ይፈጃል?

የእህቴ ልጅ ውጭ አገር ፊዚክስ ይማራል። ባለፈው ዓርብ በቴሌግራም ፎቶ ላከልን። ከራሱ የሚረዝም፣ የሚያብለጨልጭ በርሜል መሳይ ነገር አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ «ማግኔቱን ማቀዝቀዝ ጀመርን» ይላል። እሑድ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ እናቱ ቤት ቡና እየተፈላ ደወልንለት። «እንዴት ሆነ?» ብንለው «ኧረ ገና ነው፣ ዛሬ ሌሊት ቢደርስ ነው» አለን።

እናቱ እታለም ረከቦቱን ትታ ወደ ስልኩ ዞረች። «ሦስት ቀን ሙሉ ምን ያቀዘቅዛሉ? እኔ ለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ባስገባ እንግዳው ተጫውቶ ሳይጨርስ ይቀዘቅዝልኛል። እዚያ አገር ፍሪጅ የለም?»

ሳቅን። ጥያቄዋ ግን የዋዛ አይደለም። ለምርመራ ሪፈር ተጽፎለት ሄዶ «ማሽኑ ሂሊየም አልቆበታል» ተብሎ የተመለሰ ዘመድም አለን። ያም ማሽን ውስጡ በሂሊየም የሚቀዘቅዝ ማግኔት አለውና ነገሩ ያው ነው። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ማስረዳቱ እኔ ላይ ወደቀ። ያን ቀን ለእሷ የነገርኳትን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እነሆ።

ማግኔት መቀዝቀዝ ምን ያደርግለታል?

ይህ ማግኔት ፍሪጅ በር ላይ እንደሚለጠፈው ዓይነት አይደለም። ዙር በዙር የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ሽቦ ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ሽቦው ማግኔት ይሆናል። ኮረንቲው ሲበዛ ጉልበቱም ይበዛል። ታዲያ ኮረንቲ አብዝቶ መልቀቅ ነዋ? አይሆንም። ሽቦ ኮረንቲን ዝም ብሎ አያሳልፍም፣ ይታገለዋል። ትግሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን የሚግለው በዚሁ ትግል ነው። ለእንጀራ ደግ ነው፤ ለማግኔት ግን መከራ ነው። ከልክ በላይ ከለቀቁበት ሽቦው ራሱ ይቀልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ የሚባል ሆላንዳዊ፣ ሌይደን ከተማ ባለው ቤተ ሙከራው ባዜቃ (ሜርኩሪ) እያቀዘቀዘ ይህን ትግል ይለካ ነበር። ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትግሉ ድንገት ጠፋ። ቀነሰ ማለቴ አይደለም። ጠፋ። እንዲህ ያለውን ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይሉታል።

ዛሬ ለማግኔት በብዛት የሚያገለግለው ሽቦ የኒዮቢየምና የታይታኒየም ቅይጥ ነው። እሱም ትግሉን የሚተወው 9 ኬልቪን አካባቢ ሲደርስ ነው። ኬልቪን ዲግሪ ማለት ነው፤ ልዩነቱ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ወለል፣ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ አቆጣጠር የጎንደር ደህና ቀን፣ 20 ዲግሪው፣ 293 ኬልቪን ይባላል። የልጁ ማግኔት ከዚያ ተነስቶ 4 አካባቢ መድረስ አለበት።

9 ላይ ለምን አያቆሙትም? ገደል አፋፍ ላይ ቤት አይሠራማ። ኮረንቲ ሲለቁበትና የማግኔቱ ጉልበት ሲጨምር ያ 9 የተባለው አፋፍ ራሱ እየወረደ ይመጣል። ስለዚህ ከአፋፉ ራቅ ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ አለው። አንዴ ኮረንቲ ሞልተው የሽቦውን ሁለት ጫፍ በሱፐርኮንዳክተር ቢያገናኙት፣ ኮረንቲው ማንም ሳይገፋው ለዓመታት ይዞራል። በየሆስፒታሉ ያለው፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳየው ኤምአርአይ አብዛኛው እንዲህ ነው የሚሠራው። 1.5 ቴስላ የሚባለው የተለመደው ማሽን (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ኮምፓስን ከሚያዞረው ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል።

ታዲያ ትልቅ ፍሪጅ ውስጥ ቢከቱትስ?

እዚህ ላይ እታለምን ያስቸገራት ነገር አለ፤ ተማሪዎቼንም ያስቸግራቸዋል። ቅዝቃዜ የሚባል ዕቃ የለም። ማግኔቱ ውስጥ ቅዝቃዜ አናስገባም። ሙቀት ነው የምናወጣው። ጥያቄው እንግዲህ «ስንት ሙቀት አለ? በየት በኩልስ ይወጣል?» ነው።

ሽቦው፣ መዳቡ፣ ማቀፊያው ሁሉ ተደምሮ 100 ኪሎ ይሁን እንበል። ሁሉንም እንደ መዳብ ብንቆጥረው፣ ከክፍል ሙቀት እስከ 4 ኬልቪን ለማውረድ መውጣት ያለበት ሙቀት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ብዙ አይመስልም፤ ምድጃ ላይ ቢጣድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ግን ማውጣቱ እንደ ማስገባቱ አይቀልም። ሙቀት ቁልቁል እንጂ ሽቅብ በራሱ አይሄድም። ጉልበት ከፍለን ነው የምናስወጣው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ደግሞ ክፍያው ይንራል።

ምን ያህል? 4 ኬልቪን ላይ የሚሠራ ደህና ማቀዝቀዣ ማሽን እዚያ ታች ያለውን ሙቀት የሚያወጣው በ1 ወይም በ1.5 ዋት ፍጥነት ነው። የትንሽ ባትሪ መብራት ያህል። ለዚያች 1 ዋት ከቆጣሪው የሚበላው ግን 7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ እንደ መጣድ በሉት። በዚህ ማሽን ብቻ የሚቀዘቅዙ ማግኔቶች አሉ። ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የልጁ ግን የድሮው ዓይነት ነው፣ በፈሳሽ ጋዝ የሚነከረው።

በርሜሉ ምንድን ነው?

ፔርሙዝ ነው። እውነቴን ነው። ክራዮስታት ይሉታል፣ ግን አያቱ ፔርሙዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ጄምስ ዲዋር የሚባል ስኮትላንዳዊ ሁለት ግድግዳ ያለው ዕቃ ሠርቶ በግድግዳዎቹ መሃል ያለውን አየር አወጣው። ሙቀት የሚሻገርበት አየር ከሌለ ውጭው ውጭ፣ ውስጡ ውስጥ ይቀራል። ቡና የምንይዝበት ፔርሙዝ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የፔርሙዝ ውጩ መሞቅ ከጀመረ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህንን እታለም ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር።

እና ማቀዝቀዝ የሚጀምረው በማቀዝቀዝ አይደለም። ፓምፕ ገጥሞ በግድግዳዎቹ መሃል ያለውን አየር በመሳብ ነው። ይኼ ብቻውን ቀናት ይፈጃል። ቀጥሎ ቀዳዳ ይፈለጋል። ጎሚስታ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው፣ እነሱ ደግሞ በየብየዳው ላይ ከውጭ ሂሊየም ጋዝ እፍ ይሉበታል። ወደ ውስጥ ሾልኮ የገባ ካለ ማሽኑ ያሸተዋል። ልጁ ዓርብ «ጀመርን» ሲለን ይህን ሁሉ ጨርሶ ነበር። ሳምንት ሙሉ ስልክ ያላነሳው ለካ ለዚህ ነው።

ለምን አይጣደፉም?

ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ ላይ የሸክላ ዕቃ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሱበት «ጧ!» ይላል። ውሃው የነካው ቦታ ወዲያው ይኮማተራል። ጎኑ ያለው ገና ትኩስ ስለሆነ እንደ ተለጠጠ ነው። አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው እምቢ ካለ ስንጥቅ ይመጣል።

ማግኔቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ የለም። መዳብ አለ፣ አይዝጌ ብረት አለ፣ አሉሚኒየም አለ፣ ሽቦዎቹን ያጣበቀ ሙጫ አለ። ከክፍል ሙቀት እስከ 4 ኬልቪን ሲወርዱ 1 ሜትር አይዝጌ ብረት በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። አሉሚኒየም በ4። ሙጫው ከሁሉም ይብሳል። 3 ሚሊ ሜትር ምን አላት አትበሉ። ሽቦው የተጠመጠመው የፀጉር ያህል እንኳ እንዳይነቃነቅ ተደርጎ ነው፤ ከተነቃነቀ ምን እንደሚመጣ በኋላ እናያለን። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ሙቀት እጅግ እንዳይራራቅ ቴርሞሜትር እያዩ፣ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።

በመጀመሪያ የሚገባው ምንድን ነው?

ፈሳሽ ናይትሮጅን። ብዙ ሰው አይቶት የማያውቅ ይመስለዋል እንጂ አይቶታል። ላም ለማዳቀል በየቀበሌው የሚዞረው ባለሙያ ይዞት የሚመጣው፣ ሲከፈት ነጭ ጭስ የሚወጣው ዕቃ ትዝ ይላችኋል? የኮርማው ዘር የሚቀመጥበት? ውስጡ ያለው እሱ ነው። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ፣ ወይም 77 ኬልቪን። ከምንተነፍሰው አየር ላይ ስለሚወጣ፣ አየሩም 78 በመቶው እሱ ስለሆነ፣ ርካሽ ነው።

ከ293 እስከ 77 ወርደን ገና 4 ላይ አልደረስንም። ግን በዚህ ጊዜ ከመዳቡ መውጣት ካለበት ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ ወጥቷል። ይህን ስነግራት እታለም አላመነችኝም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሙቀት ማለት የአቶሞች እንቅጥቅጥ ነው። አዝማሪ ቤት ሞቅ ባለ ሰዓት ሁሉም ትከሻውን ይሰብቃል። ሊነጋጋ ሲል ግን አብዛኛው ተቀምጧል፣ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቷል። ቀዝቃዛ ብረትም እንደዚያው ነው። ታች ሲወርድ የሚያዘው ሙቀት በጣም ትንሽ ይሆናል።

የእኛን 100 ኪሎ ወደ 77 ለማውረድ በወረቀት ላይ 46 ሊትር ገደማ ናይትሮጅን ይበቃል። በተግባር የሚባክን ስላለ ከዚያ ይበልጣል። ያፈሱትና ሌሊቱን ያሳድሩታል። የመዳቡ ትግል በዚህ ጊዜ ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል። እሱን መለካት ራሱ ቴርሞሜትር ነው።

ከዚያ ናይትሮጅኑ አንድ ጠብታ ሳይቀር መውጣት አለበት። ከቀረ 63 ኬልቪን ላይ በረዶ ይሆናል። ቧንቧ ይደፍናል። ቀጥሎ የሚመጣውን ውድ ሂሊየም ያለ ሥራ ይበላዋል። ስለዚህ በግፊት ገፍተው ያስወጡታል፣ ከዚያ በፓምፕ ይስቡታል። ግፊቱ አልወርድ ብሎ አንድ ቦታ ከተገተረ፣ የሆነ ጥግ ፈሳሽ ተርፎ እየተነነ ነው ማለት ነው። ይጠበቃል። ለጀማሪ በጣም የሚያሰለቸው፣ በጣም የሚሳሳትበትም እዚህ ላይ ነው።

ሂሊየሙስ ለምን እንደዚያ ይንቆለጳጰሳል?

ሂሊየም መጀመሪያ የታወቀው መሬት ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የፀሐይን ብርሃን ሲመረምሩ ነው ምልክቱን ያዩት። ስሙም ከፀሐይ የግሪክ ስም የመጣ ነው። ዛሬ ከተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓድ ይወጣል፤ በዋናነት አሜሪካ፣ ኳታር፣ አልጄሪያ። አየር ላይ ካመለጠ አመለጠ። ሰብስቦ መመለስ አያዋጣም። እየቀለለ ወደ ላይ ሄዶ ከነጭራሹ ከምድር ይወጣል።

ፈሳሽ የሚሆነው በ4.2 ኬልቪን ነው። ግን አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ሲነኩት ይተናል። 1 ሊትር ውሃ ፈልቶ ተኖ እስኪያልቅ የሚጠጣው ሙቀት፣ 1 ሊትር ሂሊየም ተኖ እስኪያልቅ ከሚጠጣው 800 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የእኛን 100 ኪሎ ያለ ናይትሮጅን፣ በሂሊየም መትነን ብቻ እናቀዝቅዝ ብንል 3,000 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ከ77 ብንጀምር 200 ምናምን ሊትር። ያ ርካሽ ናይትሮጅን ምን እንዳዳነን አያችሁ?

ገና አላለቀም። ሂሊየም ሲተን ጋዙ ራሱ 4 ኬልቪን ነው። እሱ ጋዝ ተመልሶ እስከ ክፍል ሙቀት እስኪሞቅ ድረስ፣ ሲተን ከጠጣው 70 ጊዜ በላይ ሙቀት ይጠጣል። ሀብቱ ያለው ጋዙ ላይ ነው እንግዲህ። አክንባሎ ሳይከድን እንጀራ የሚጋግር ሰው እንፋሎቱን በትኖ «እንጀራዬ ዓይን አላወጣም» ቢል ማን ያዝንለታል? በፍጥነት ያፈሰሰ ሰው ቀዝቃዛውን ጋዝ በጭስ መውጫው ሰደደው ማለት ነው። ቀስ ብሎ ከታች ያስገባ ግን ጋዙ በማግኔቱ መሃል ሽቅብ እየታከከ፣ ሙቀቱን እየለቀመ ይወጣል። አንዲት ሳትባክን ቢሠሩበት ያ 3,000 ሊትር ከ100 በታች ይሆናል። ማንም እንደዚያ አይችልም፣ ግን ወደዚያ ለመጠጋት ነው ልፋቱ ሁሉ።

እሑድ ማታ ልጁ ቪዲዮ ላከልኝ። ሂሊየም የሚሻገርበት ቧንቧ፣ እሱም ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፣ ከበርሜሉ አናት ተሰክቷል። ከመውጫው ነጭ ደመና ይተፋል። ደመናው ሂሊየም አይደለም። ሂሊየም አይታይም፤ የክፍሉ እርጥበት ነው ቀዝቅዞ ጉም የሆነው። መውጫው በረዶ ለብሷል። ልጁ እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ ይሰማል እንጂ አያይም፤ ፉጨቱ ከጨመረ ይቀንሳል፣ ከላላ ይከፍታል። የፈሳሹ መለኪያ ለሰዓታት ዜሮ ላይ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ የተረጨ ውሃ ዘሎ ዘሎ እንደሚጠፋው፣ የሚገባው ሁሉ ታች ሳይደርስ ይተናል። ከዚያ 9 ኬልቪን አካባቢ የሽቦው ትግል የሚለካበት ቁጥር ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ቆይቶ ድንገት ዜሮ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ መለኪያው ከዜሮ ተነሳ። ፈሳሽ ተጠራቀመ። «አየኸው ጋሼ?» ይላል ድምፁ ከካሜራው ጀርባ።

የወጣው ጋዝ ደግሞ ውጭ አይለቀቅም። ትልቅ ፊኛ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ይታመቃል፣ ተመልሶ ፈሳሽ ይደረጋል። ይህ መሣሪያ የሌለው ቦታ ሂሊየሙን በገንዘቡ ወደ ሰማይ ይለቃል።

ጎንደር ላይ ቢሆንስ?

ይህ የእኔ ጥያቄ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ነው ባቄላው የሚያስቸግረው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ያመልጣል። ሂሊየምም እንደዚያው ነው። እዚህ ቢቀመጥ ከ4.2 ዝቅ ብሎ፣ 4 አካባቢ ይፈላ ነበር። በነጻ የተገኘ ቅዝቃዜ!

ሌሎች ይህንኑ ሆን ብለው በፓምፕ ያደርጉታል። ከሂሊየሙ በላይ ያለውን ጋዝ እየሳቡ ግፊቱን ሲያወርዱ፣ ሂሊየሙ ከ2.17 ኬልቪን በታች ሲገባ ባሕርዩ ይለወጣል። አረፋው ይቆማል፣ ሙቀትን በሚገርም ፍጥነት ያሳልፋል። ጄኔቭ አጠገብ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ ማግኔቶቹን የሚያስቀምጠው በ1.9 ኬልቪን ነው። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ፣ 1,232 ዋና ዋና ማግኔቶች፣ 120 ቶን ያህል ሂሊየም። ቅድሚያ ማቀዝቀዣ ብቻ 10,000 ቶን ገደማ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጠይቃል። ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የእኛን ልጅ ግን ለሦስት ቀን ቸኮልንበት።

መብራት ቢጠፋስ? ፈሳሽ ውስጥ የተነከረው ማግኔት ያለው ፔርሙዝ ውስጥ ስለሆነ ይቆያል። በማሽን ብቻ የሚቀዘቅዘው ግን ሰዓታት እንኳ ላይታገስ ይችላል።

ድንገት ቢሞቅ ምን ይሆናል?

ያቺ የፀጉር ያህል መነቃነቅ እዚህ ላይ ትመጣለች። ሽቦው ትንሽ ሲንሸራተት ትንሽ ሙቀት ይፈጥራል። 4 ኬልቪን ላይ ብረት ሙቀት የመያዝ አቅሙ በጣም ትንሽ ነው ብለናል፤ ስለዚህ ትንሿ ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ከ9 በላይ ልታደርሰው ትችላለች። ያቺ ነጥብ መታገል ትጀምራለች፣ ትግሉ ሙቀት ይወልዳል፣ ጎረቤቱ ይከተላል። ማግኔቱ ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ሁሉ በሰከንዶች ወደ ሙቀት ይለወጣል። በእንግሊዝኛው ኩዌንች ይሉታል። ሂሊየሙ በአንዴ ይፈላል፤ 1 ሊትሩ 750 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል። መውጫ ቱቦ ከሌለ ክፍሉን ሞልቶ ኦክስጅኑን ያስወጣዋል። እንደ ከሰል ጢስ አይመርዝም፣ ግን ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ለዚህ ነው የኦክስጅን ጠቋሚ ሳይኖር ወደዚያ ክፍል የማይገባው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 2008 ሰርን ላይ ሁለት ማግኔት የሚያገናኝ አንድ ደካማ የሽቦ መጋጠሚያ ቀለጠ። ወደ 6 ቶን ሂሊየም አመለጠ፣ 53 ማግኔት ለጥገናና ለቅያሪ ተነቅሎ ወጣ፣ ማሽኑ ተመልሶ የሠራው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኅዳር 2009 ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ሌላ ፎቶ ላከ። ጽሑፍ የለበትም። በርሜሉ ውጩ ላብ አላብ ሆኖ፣ ውሃ እየወረደበት ወለሉን አርጥቦታል። ለእናቱ ሳሳያት ስልኩን ተቀብላ አስፍታ አየችው።

«ፔርሙዙ ሰርጓል» አለች።

ደወልንለት። እውነቷን ነበር። አንድ ብየዳ በክፍል ሙቀት ሲፈተሽ ድፍን የነበረ፣ ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር የከፈተ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ሲሞቅ ተመልሶ ይዘጋል፣ ለመፈለግም አይመችም። አሁን ሂሊየሙን አውጥተው እንዳይሰነጠቅ ቀስ እያደረጉ ለቀናት ያሞቁታል። ከዚያ ያ ጎሚስታነት ይጀመራል።

«ፔርሙዝ ሲሰርግ እኔ እጥለዋለሁ» አለችው እታለም። «ይኼ የሚጣል ነው?»

«ኧረ እማዬ!» አለ ልጁ።